ለተማሪዎቻችን ወንፈል እንውጣ

ርዕሰ አንቀጽ

«የተማረ ይግደለኝ» እያለ ያሳደገን ሕዝብ ልጆች ነን። እናቶቻችን እንቁላልና ቅቤ ሸጠው ደብተር ገዝተውልናል፤ አባቶቻችን ከአንድ በሬያቸው ተለያይተው ከተማ ልከው አስተምረውናል። ዘመን ጥሎን፣ ፖለቲካው ገፍቶን፣ ኑሮው አስመርሮን በየሰው አገር ስንበተን ይዘነው ከወጣነው ጥቂት ንብረት አንዱ ይኸው ለትምህርት ያለን ክብር ነው። ዛሬም በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በአትላንታ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ወይም በዳላስ ካሉት የኮምዩኒቲ ኮሌጅ ግቢዎች ወደ አንዱ ማታ ብቅ ያለ ሰው፣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ክፍል የሚሮጥ ሐበሻ አያጣም። ይህ የሚያኮራ ነው።

የማያኮራው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሲመዘገቡ እልል ያልንላቸው ወጣቶች በአንደኛው ሴሚስተር ይታያሉ፤ በሁለተኛው ይሳሳሉ፤ በሦስተኛው የሉም። ማንም አላባረራቸውም። በጸጥታ ቀሩ። ለሞተ ድንኳን እንጥላለን፤ ለታሰረ ሰልፍ እንወጣለን፤ ከትምህርቱ ለቀረ ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለን እናልፋለን። ስንቱ እንደቀረ የቆጠረ ኮምዩኒቲ የለንም፤ ለምን እንደቀረ የጠየቀም ጥቂት ነው።

የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ስለ እነዚህ ወገኖቻችን ነው። የምንለውም አጭር ነው፦ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የቀሩት ጭንቅላት አንሷቸው ሳይሆን፣ ጥያቄ ባለባቸው ሰዓት የሚጠይቁት ሰው ስላጡ ነው። ይህን ጉድለት በኢንተርኔት በትንሽ ወጪ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ኮሌጅ ወይም አንድ ማኅበር ለብቻው አይችለውም፤ ወንፈል ይጠይቃል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዲት እህታችንን ጉዳይ እናንሳ። ስሟን አንጠራም፤ እሷን የመሰሉ ብዙ ናቸውና። በዲቪ መጣች። ቀን ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሐሳቧ ነርስ መሆን ነው። ነርሲንግ ለመግባት ደግሞ አስቀድሞ ሒሳብና አናቶሚ ማለፍ ያስፈልጋል። ከሥራ ወጥታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ክፍል ትገባለች። ቤቷ ደርሳ፣ ልጇን አስተኝታ ደብተሯን የምትከፍተው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጥያቄ የሚመጣውም ያኔ ነው። የኮሌጁ የማስጠኛ ማዕከል ግን የሚከፈተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እሷ የአዛውንቶቹን አልጋ በምታነጥፍበትና መድኃኒታቸውን በምታስታውስበት ሰዓት ማለት ነው። በሩ ላይ «ነጻ» ተብሎ ተጽፏል። ነጻነቱ ግን ሥራ ለሌለው ሰው ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳቡ ከበዳትና ኮርሱን ጣለችው፤ ውጤቷ ላይ «ደብሊው» ተጻፈ። በሚቀጥለው ደገመችው፤ ወደቀች። ከዚያ አናቶሚውን ጣለች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ።

ስለዚህ ደብዳቤ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ቤተሰብ ትርጉሙ ሳይገባው ከፖስታው ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋልና። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ቅድመ ሁኔታ አለው። ተማሪው በትምህርቱ «አጥጋቢ እድገት» ማሳየት አለበት። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ይህ ማለት አማካይ ውጤቱ ከ2.0 እንዳይወርድ፣ ከተመዘገበበት ክሬዲት ውስጥም ቢያንስ 67 በመቶ ያህሉን እንዲያልፍ ነው። የተጣለ ኮርስ «እንዳልተሞከረ» አይቆጠርም፤ እንደተሞከረና እንዳልታለፈ ነው የሚቆጠረው። ስምንት ኮርስ ተመዝግባ ሦስቱ የተበላሹባት ተማሪ ያለፈችው 62.5 በመቶውን ብቻ ነው። በቀሩት አምስት ኮርሶች ጎበዝ ብትሆንም ከመስመሩ በታች ናት። አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ይቀድማል፤ በዚያም ካልተስተካከለ የፔል ግራንት እርዳታዋ ይቆማል። የዚህ እርዳታ ጣሪያ ከ2023 መኸር ጀምሮ በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ይህ የመማርና ያለመማር ልዩነት ነው። በዚያ ላይ እርዳታው ለዕድሜ ልክ የተሰፈረ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሙሉ ሴሚስተር አያልፍም። የሴሚስተሩን 60 በመቶ ሳያጠናቅቅ ሁሉንም ኮርሶች የጣለ ተማሪ ደግሞ ከተሰጠው ገንዘብ ከፊሉ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ትምህርቱን አጥቶ የኮሌጁን ዕዳ ተሸክሞ ሊወጣ ይችላል። ጥገኝነታቸው ገና ያልጸደቀላቸው ወገኖቻችንማ ለፌዴራሉ እርዳታ ከመነሻውም ብቁ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የወደቀ ኮርስ ከኪሳቸው የወጣ ላብ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዚህች እህታችን ሕይወት የተሰናከለው በአንድ የአልጀብራ ምዕራፍ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ማታ፣ አጠገቧ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ነው የተሳሳትሽው» የሚላት ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ነርስ ነበረች። አሁንም እዚያው መጦሪያ ናት። ደብዳቤው ላይ ይግባኝ ማለት እንደሚቻልም የሰማችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ ደግሞ የራሳችን ነው። ይሉኝታ ይባላል። «ይህን እንኳ አታውቂም?» መባልን እንፈራለን። ባደግንበት ትምህርት ቤት መምህርን ደጋግሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። በአሜሪካ ክፍል ውስጥ ግን ያልጠየቀ ተማሪ የገባው ተማሪ ተብሎ ይታለፋል። አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ልጃችንን መምህሩ «ጨዋ ነው» ብሎ አያዝንለትም፤ ከነመኖሩም ላያስታውሰው ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በኢንተርኔት ማስጠናት የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም። አሠራሩም ቀላል ነው። አንደኛው መንገድ አስጠኚውና ተማሪው በተመሳሳይ ሰዓት እየተነጋገሩ፣ ሁለቱም በሚጽፉበት አንድ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ ጥያቄውን አብረው መሥራት ነው። ሁለተኛው ተማሪው የጻፈውን ድርሰት ማታ ልኮ፣ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን አስተያየት ተጽፎበት የሚመለስለት ነው። ሦስተኛው ጥያቄን አስቀምጦ መሄድና ሌላው በሚመቸው ሰዓት መልስ የሚተውበት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሥራቸው በፈረቃ ለሆነ ወገኖቻችን የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ሰዓት ማመሳሰል አይጠይቁምና።

«ቪዲዮው ሞልቶ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞልቷል፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ካን አካዳሚ እንዴት እንደተጀመረ ማስታወስ ይበጃል። በ2004 ሳልማን ካን ቦስተን ሆኖ ኒው ኦርሊንስ ለምትኖር የዘመዱ ልጅ በስልክና በኮምፒዩተር ሒሳብ ያስጠናት ነበር። እሷ ስትሻሻል ሌሎች ዘመዶች ተጨመሩ፤ ቪዲዮዎቹ የመጡት ጠያቂው ሲበዛበት ነው። ድርጅት ሆኖ የቆመው በ2008 ነው። መነሻው ግን አንድ ዘመድ ለአንዲት ልጅ የሰጠው ሰዓት ነበር። ቪዲዮ የት ላይ እንደተሳሳትክ አያውቅም፤ ሰው ያውቃል። መጽሐፍም ቢሆን ዛሬ ሰበብ አይሆንም፤ በሂዩስተን የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ ኦፕንስታክስ በሚል ስም የአልጀብራን፣ የስታቲስቲክስን፣ የአናቶሚንና የሌላውንም የኮሌጅ መማሪያ በኢንተርኔት በነጻ አውጥቷል። የጎደለው ቪዲዮና መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው።

ሰው ደግሞ ዋጋ አለው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኮሌጆች ይህን አገልግሎት ከነጋዴ ኩባንያ በሰዓት ይገዛሉ። ስለሚወደድባቸውም በብዙ ቦታ ለአንድ ተማሪ በሴሚስተር የተወሰነ ሰዓት ብቻ ይመድባሉ። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ትምህርቱን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲያዞረው ኮንግረስ በሦስት ሕጎች ለኮሌጆች የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ሰጠ፤ ያ ገንዘብ አልቋል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በወር 30 ዶላር የኢንተርኔት ድጎማ ይሰጥ የነበረው ፕሮግራም ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን ከመዘገበ በኋላ በጀቱ አልቆ በ2024 ሰኔ ላይ ተዘጋ። በችግር ጊዜ የተከፈተው በር ችግሩ ሳያልፍ ተመልሶ እየተዘጋ ነው ማለት ነው።

መፍትሔውን ግን ከእኛ ገበሬ የተማሩ የሚመስሉ ኮሌጆች አሉ። በገጠር ያደገ አንባቢ ወንፈልን ያውቀዋል። ደቦ ሲሆን ባለቤቱ ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ይጠራል። ወንፈል ግን ድግስ የለውም፤ ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ። ገንዘብ አይነካውም፤ የሚቆጠረው ቀን ነው። በምዕራባዊው የአሜሪካ ክፍል ኮሌጆች ተሰባስበው የመሠረቱት ዌስተርን ኢቱተሪንግ ኮንሶርሺየም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዱ አባል ኮሌጅ ከራሱ አስጠኚዎች የተወሰነ ሰዓት ያዋጣል፤ አስጠኚዎቹ አንድ ዓይነት ሥልጠና ይወስዳሉ፤ የአባል ኮሌጆቹ ተማሪዎች በሙሉ በአንድ በር ገብተው ይጠቀማሉ። በኮነቲከትም ከዚያ ቀደም ብሎ ኮሌጆች ተመሳሳይ ነገር ጀምረው ነበር።

ሒሳቡን በምሳሌ እናስላው። አንድ ኮሌጅ ለብቻው በሳምንት የ12 ሰዓት አስጠኚ ቢመድብ በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሥር ኮሌጆች እያንዳንዳቸው ያንኑ 12 ሰዓት ቢያዋጡ ግን የእያንዳንዳቸው ተማሪ 120 ሰዓት ተከፈተለት ማለት ነው። ማንም ከኪሱ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ማስጠናት ብቻውን ሁሉን ይፈታል ብለን አንባቢን አናሞኝም። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ በኮምዩኒቲ ኮሌጆቹ የሚያካሂደው ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም አለ። ተማሪው የሙሉ ጊዜ እንዲማር ይጠየቃል፤ በምላሹ ማስጠናት፣ በቅርብ የሚከታተለው አማካሪ፣ ለመጽሐፍ እርዳታና የባቡር ካርድ ይሰጠዋል። ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በዕጣ ለይተው ሲያወዳድሩ በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት በፕሮግራሙ ውስጥ ካሉት 40 በመቶ፣ ውጪ ከቀሩት ደግሞ 22 በመቶ ነበሩ። በአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ይበልጣል፤ በአንድ ተመራቂ ሲካፈል ግን ያንሳል፤ ተምሮ የሚወጣው ይበዛልና። በአትላንታ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ለክፍያ ጥቂት ገንዘብ የጎደለባቸው ተማሪዎች በዚያ ብቻ እንዳይባረሩ ትንንሽ እርዳታ መስጠት ጀመረ። በ2016 ክረምት በሞባይል መልእክት ቀን ከሌሊት ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም ሲያስገባ፣ ተቀብሎአቸው ሳይመዘገቡ ይቀሩ የነበሩት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሱ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በክላርክስተን ያለው የኮሌጅ ግቢም ዛሬ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ትልቅ ገደል ሳይሆን ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን በጊዜው የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

«በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘመን ምን አስጠኚ ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከመጣ ወዲህ ብዙ ልጆቻችን ጥያቄውን ለእሱ ሰጥተው መልሱን ይገለብጣሉ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቱርክ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረጉት ሙከራ በ2024 ይፋ ሆኗል። በልምምድ ጊዜ ይህን መሣሪያ እንደልብ የተጠቀሙ ተማሪዎች ልምምዱ ላይ በጣም ተሻሽለው ታዩ፤ ፈተናው ላይ መሣሪያው ሲወሰድባቸው ግን ጨርሶ ካልተጠቀሙት ልጆች 17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀው ግን ያን ያህል ጉዳት አላስከተለም። እንግዲህ መሣሪያውን እንጣለው አንልም። ምርኩዝና እግር ግን አንድ አይደሉም። ለደከመው ተማሪ በሌሊት ፍንጭ የሚሰጥ መሣሪያ መልካም ነው። «ይህን ሳምንት ለምን ጠፋሽ?» ብሎ የሚደውለው ግን ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በየከተማው ስንት ኢንጂነር፣ ስንት ነርስ፣ ስንት ፋርማሲስት፣ ስንት የሒሳብ መምህርና ፕሮፌሰር አለን? በአዲስ አበባ፣ በሐረማያ፣ በጎንደር፣ በጅማ የተማሩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱም አሉ፤ ትናንት ካልኩለስ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት የማይችል ስንቱ ነው? መበተናችን እንኳ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። በዋሽንግተን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን በሲያትልና በሎስ አንጀለስ ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያ ያለው ወንድም እራቱን በልቶ ተቀምጧል። በፍራንክፈርትና በስቶክሆልም ደግሞ ሊነጋ ነው፤ ማልዶ የሚነሳው ከሥራው በፊት የአንድ ሰው ድርሰት ማየት ይችላል። ስደት የበተነንን ሰዓት ለበጎ ካልተጠቀምንበት ለምን ይሆነናል?

በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ውጤት አያመጣም ለሚለው የጣልያንን ምሳሌ እንጥቀስ። በ2020 ጸደይ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ሲዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነጻ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በኢንተርኔት እንዲያስጠኑ ተደረገ። ከስደተኛና ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ብዙ ነበሩበት። በዕጣ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸር የተጠኑት ልጆች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ። አስጠኚዎቹ ሥልጠናና የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበራቸው፤ ምሥጢሩም እሱ ነው። በጎ ፈቃድ ያለ አስተባባሪ አንድ ወር ሞቆ ይበርዳል። ይህን ከማኅበሮቻችን ታሪክ በላይ የሚያስተምረን የለም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በመጀመሪያ ያለውን እንጠይቅ። ብዙ ኮሌጆች ማታ በኢንተርኔት የሚያስጠና አገልግሎት ገዝተው አስቀምጠዋል፤ ተማሪው የት እንዳለ አያውቅም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ዛሬ ማታ ልጁን «ኮሌጅሽ ማታ የሚያስጠና ሰው አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሌለ ደግሞ ግብር ከፋዮች ነንና ለኮሌጁ አስተዳደር በአንድነት ጥያቄ እናቅርብ። ለምክር ቤት አባላት ስለ አገራችን ፖለቲካ ስንት ደብዳቤ ጽፈናል! አንዱን ስለ ልጆቻችን እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሁሉን ነገር በአንዴ አንጀምር። አንድ ሒሳብ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ አንድ አናቶሚ ይበቃል። ተማሪዎቻችን በብዛት የሚሰናከሉት በእነዚህ ደጃፎች ነውና።

ሦስተኛ፣ በየከተማው ያሉ ኮምዩኒቲዎች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ለየብቻቸው ፕሮግራም ከማቆም ይልቅ ሰዓት ያዋጡ። ገንዘብ ካላቸውም አንድ ላይ አድርገው አንድ አስተባባሪ በደመወዝ ይቅጠሩ። እሱ ሰዓቱን ይመድባል፣ የጠፋውን ተማሪ ይደውላል፣ አስጠኚ የቀረበትንም ይተካል። እቁብ በጸሐፊ፣ እድር በዳኛ እንደሚቆም ይህም ያለ ተጠሪ አይቆምም።

አራተኛ፣ ሕግ ይኑረው። አስጠኚ የተማሪውን የቤት ሥራ አይሠራለትም፤ ድርሰቱን አይጽፍለትም። ዕርሳሱ በተማሪው እጅ ይሁን። የሌላውን ሥራ ያቀረበ ተማሪ ከኮሌጅ ሊባረር ይችላል፤ ለልጁ በማዘን ልጁን መግደል አይገባም።

አምስተኛ፣ ማስጠናቱ ከምክር ጋር ይሂድ። ስለ እርዳታ ደብዳቤው፣ ስለ ይግባኙ፣ ኮርስ ያለ ቅጣት ስለሚጣልበት ቀን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያስረዳ ሰው በስልክ ይገኝ። ይህን ለማድረግ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ትናንት ያለፈችበት ተመራቂ ትበቃለች።

ስድስተኛ፣ እንቁጠር። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ስንት ነበሩ፣ መጨረሻ ላይ ስንት አለፉ? ያልተቆጠረ ነገር ለፎቶግራፍና ለጭብጨባ ብቻ ይሆናል።

«ሐበሻ መቼ ተባብሮ ያውቃል?» የሚለውን ተቃውሞ ከሩቅ እንሰማዋለን። እንተባበራለን። እድራችን አስከሬን አገር ቤት ያደርሳል። የኳስ ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከየከተማው ሕዝብ ያሰባስባል። ለተቃውሞ ሰልፍ በበረዶ ቆመን አድረናል። መተባበር አቅቶን ሳይሆን ለምን እንደምንተባበር ስንመርጥ ተማሪው ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ ስለሚቀር ነው። ፖለቲካውን አቁሙ አንልም፤ ይህ ገጽ እንዲህ ይል ዘንድ አይጠበቅም። የምንለው፣ አልጀብራ ባንዲራ አይጠይቅም ነው። በሰንደቅ ዓላማ፣ በድርጅትና በብሔር የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆመው አንዲት ልጅ ሊያስጠኑ ይችላሉ። ምናልባት ከብዙ ጉባኤ የሚበልጥ መተዋወቅ ከዚያ ይወጣ ይሆናል። ደግሞስ ነገ ለአገር እንናገራለን የምንል ሰዎች በራሳችን ከተማ ያለች አንዲት ተማሪ ከትምህርቷ ስትቀር ካላየን፣ የማንን ልጅ ልናይ ነው?

ወንፈሉ እዚህ ከቆመ ለአገር ቤትም መትረፉ አይቀርም፤ ፍላጎቱ እዚያ የባሰ ነውና። በ2023 መጀመሪያ ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጸው ይፋ የሆነው የቀጣዩ ዙር ውጤትም 3.2 በመቶ ነበር። በ2023 ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከወሰዱት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎችም ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ የተማሪው ብቻ ውድቀት አይደለም፤ ጦርነት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤትና የተራበ መምህር ያለበት ነው። ተጠያቂው መንግሥት ነው፤ እኛም ሸክሙን ከትከሻው አናወርድለትም። ግን ተማሪው መንግሥት እስኪለወጥ ቆሞ አይጠብቅም። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልልም ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ እንዳየነው የቀጥታ ትምህርት እዚያ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ለአገር ቤት የሚስማማው ጥያቄን አስቀምጦ መሄድ ያልነው መንገድ ነው፦ በቴሌግራም የሚላክ ክብደቱ ቀላል ጽሑፍና ድምፅ፣ መስመር ሲመለስ የሚወርድ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ። በመጀመሪያ ግን በአጠገባችን ያለችውን እናስጠና፤ አቅማችንንም በእሷ እንለካ።

በየኮሌጁ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ እየተቃረበ ነው። ያቺ እህታችን እንደገና ትመዘገብ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከኪሷ እየከፈለች ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ልጇን አስተኝታ ደብተሯን ትከፍታለች። የምታውቁት ሒሳብ ካለ፣ የማያንቀላፋ ኮምፒዩተር ካለ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ካለ በከተማችሁ ላለው ኮምዩኒቲ ዛሬውኑ ስማችሁን ስጡ። ኮምዩኒቲው ካልተቀበላችሁ ሦስት ሆናችሁ ጀምሩት። ወንፈልም የሚጀመረው በሦስት ጎረቤት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው የነገሩን ትክክል ነበሩ። እኛ ደግሞ እንጨምርበት፦ ከመፎከር ማስተማር ይቅደም።

ቸር ወሬ ያሰማን።